ረጅሙ እጅጌ

"እሱን አይደለም ያልኩሽ፣ ከጎኑ ያለውን ካርቶን!" አለች ባለ መድኃኒት ቤቷ ከታች።

ጭምቷ መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆማ የሳል ሽሮፕ ካርቶን ስትጎትት የመድኃኒት ቤቱ በር ተከፈተና እናቷ ገባች። ክው ነው ያለችው። ካርቶኑ ከእጇ ሊያመልጥ ሲል በደረቷ ደገፈችው።

ስምምነት ነበራቸዋ! እናት ወደዚህ በር ድርሽ ላትል ከተስማሙ ድፍን ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። "የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ቁጡ ናቸው፣ ሥራ ላይ ሰው ሲመጣብኝ አይወዱም" ተብላ ነው። ቁጡ! ይህች ባለ መድኃኒት ቤት እንኳን ሰው ልትቆጣ፣ ጊዜው ያለፈበት ኪኒን ስትጥል እንኳ አንጀቷ የሚንሰፈሰፍ ሴት ናት። ነገሩ ሌላ ነው። እናት ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም፤ የምታወራው በእጇ ነው። ያ እጅ ደግሞ ሹክሹክታ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ማውራት ከጀመረ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትሸሽ የኖረችው ይህንኑ ቆሞ የሚያይ ዐይን ነው።

እናት መሀል ወለሉ ላይ ቆመችና ሁለት እጇን አነሣች። "አስተርጓሚያችን ፀጉር አስተካካዩ እጁን ሰበረ! ነገ የሚያስተረጉምልኝ ሰው የለም። ያለሽኝ አንቺ ነሽ!"

ከጭምቷ በቀር ነገሩ የገባው አልነበረም። ወረፋ የያዙት ሦስት ደንበኞች ገለል ብለው መንገድ ለቀቁላት።

"ውይ፣ የኔ እናት! መስማት አይችሉም መሰለኝ" አለች ባለ መድኃኒት ቤቷ። "ጭምቷ፣ ውረጂና ወረቀትና እስክሪብቶ ስጫቸው።"

ጭምቷ ወረደች። መሰላሉ አምስት መወጣጫ ብቻ ነው ያለው፤ እሷ ግን ሲወርዱት የማያልቅ ሆነባት። እናቷ ፊት ቆመች። ወረቀቱን በእጅጌዋ ጫፍ እየገፋች አቀረበችላት። ከባንኮኒው ስር ደግሞ፣ ሌላ ሰው በማያይበት፣ ሁለት ጣቶቿን ወደ በሩ ወረወረች፦ ሂጂ።

የእናት እጆች አየር ላይ ቀሩ። ልጇን አየች፤ ባለ መድኃኒት ቤቷን አየች፤ ግድግዳውንም አየት አደረገች። ከዚያ ገባት። ፊቷ ላይ የነበረው ችኩልነት ጠፋና አገልግሎት ፈልጎ የገባ የእንግዳ ሰው ትሕትና ተተካ። እስክሪብቶውን አንሥታ "የራስ ምታት ኪኒን" ብላ ጻፈች፣ ከፈለች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ አመስግና ወጣች።

"ምስኪን!" አለች ባለ መድኃኒት ቤቷ በመስታወቱ እያየቻት። "ልጅም የላቸው ይሆናል። ልጅ ቢኖራቸው እንዲህ ብቻቸውን ይልካቸው ነበር?"

ጭምቷ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች።

ጭምቷ ብለው የሰየሟት ደንበኞች ናቸው። እጇን በነጩ ጋውን እጅጌ ውስጥ ቀብራ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለምታስተናግድ እንዲህ ያለች ጨዋ የት ትገኛለች እያሉ ነው። ጋውኗን ከልኳ ሁለት ቁጥር አስበልጣ ያዘዘችው ግን ለጨዋነት አልነበረም። እጇ ይከዳታል። ስትናደድ፣ ስትደሰት፣ ነገር ሲጠፋባት ጣቶቿ አፏን ቀድመው ያወራሉ፤ የመጀመሪያ ቋንቋዋ ነዋ። ረጅሙ እጅጌ የእነዚያ ጣቶች መሸሸጊያ ነው።

ሥራ በጀመረችበት ሳምንት "እናትሽ የት ናቸው?" ስትባል "ሩቅ ናት" አለች። አንዲት ቃል ናት፤ ማን ይጎዳል? ዳሩ ግን ሩቅ ያለችው እናት ቀስ በቀስ የራሷ ቤት፣ ጓሮና የጉልበት ሕመም አወጣች። ባለ መድኃኒት ቤቷ ጉልበት የሚለውን ስትሰማ አንጀቷ አልቻለም። ሰው ወደዚያ የሚሄድ በተገኘ ቁጥር "ለእናትሽ ላኪላቸው" እያለች የጉልበት ቅባት ትሰጣታለች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የጭምቷ ውሸት ግን እያደር ከብዶ አሥራ አንድ ቅባት ሆኖ አልጋዋ ስር ተደርድሯል።

ማምሻውን ቤቷ ስትደርስ በሩ አጠገብ ያለውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ተጫነች። ውስጥ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ብሎ ለእናት "ሰው መጥቷል" ይላል፤ ደወላቸው ይኸው ነው። እናት ነጭ ቀሚስ እየተኮሰች ነበር። በልብስ ማጠቢያ ቤት ካውያ ይዛ የምትውል ሴት ናት፤ ከሥራ ስትመጣ ካውያ ማየት አትወድም። ይህን ቀሚስ ግን ለሦስተኛ ጊዜ መተኮሷ ነው። ነገ ትጠመቃለች። ስምንት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ መስማት የተሳናቸው በሚሰበሰቡበት የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ስትማር ቆይታ፣ ነገ ለመጀመሪያ ጊዜ በትልቁ ጉባኤ ፊት ትቆማለች።

ኪኒኑ እንደታሸገ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

"ራስሽን አሞሽ ነው?" አለች ልጅ በእጇ።

"እኔ ምን ሆኜ? ለአንቺ ነው የገዛሁት። ፊትሽ አመድ መስሎ ነበር።"

ልጅቷ ቁጭ አለች። ይቅርታ ልትል እጇን አነሣችና መልሳ አወረደችው። እናት ካውያውን አቆመች።

"ተይው፣ አውቃለሁ። ትንሽ ሆነሽም አውቶቡስ ስንሳፈር ከመቀመጫሽ ስር ነበር እጅሽን የምትደብቂው። ስምሽንስ ማን አወጣልሽ?"

እነሱ ዘንድ ሰው ሁሉ የእጅ ስም አለው። ፀጉር አስተካካዩ በመቀስ ይጠራል፤ ሽማግሌው ጫማ ሰፊ አፍንጫው ላይ ባለችው ኪንታሮት። የእሷን ስም ጫማ ሰፊው ያወጣላት በሰባት ዓመቷ ነው፦ ሁለት እጅን ወደ እጅጌ መክተት። ልጅ ሆና ሲስቁባት አብራ ትስቅ ነበር፤ ካደገች ወዲህ ግን ስሟን ሲጠሯት ታፍራለች።

"ፀጉር አስተካካዩ ምን ሆኖ ነው?" አለች ነገሩን ለማስቀየስ።

"የደንበኛው ፀጉር አንሸራቶት! ሃያ ዓመት 'ወለሉን ጥረግ' ስንለው።" እናት ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ፊቷ ጠበቅ አለ። "ነገ አንቺ አስተርጉሚልኝ። ምስክርነቴን በአንቺ ድምፅ ይስሙት። ድምፅሽን ሰምቼው አላውቅም፤ ሰው ሁሉ ግን ደስ ይላል ይለኛል። ቃሌ በእሱ ይውጣልኝ።"

"አልችልም፣ እማ። የመድኃኒት ቤቷ እትዬ እዚያው ናቸው የሚጸልዩት።"

"አይቻለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ካሌንደር ግድግዳችሁ ላይ አለ።" የማይሰማ ሰው ዐይን! ለካ ያን ጊዜ ግድግዳውን የቃኘችው ለዚህ ነበር። "ግድ የለም። ፀጉር አስተካካዩ በአንድ እጁ ይሞክራል። የቀረውን እገምተዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስገምት አይደል የኖርኩት?"

ይህን ያለችው ለማሳዘን አልነበረም። ካውያዋን አንሥታ ወደ ቀሚሷ ተመለሰች።

በማግሥቱ አብራት ሄደች። ሌላው ቢቀር ከኋላ ቆማ ልታይ፣ ልክ ሲያልቅ ሹልክ ብላ ልትወጣ ነው ሐሳቧ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል፤ እናቷ ወደ ፊት አልፋ ከሄደች በኋላ፣ ልጅ ገና የበሩን ደፍ ስትረግጥ ባለ መድኃኒት ቤቷ ክንዷን ለቀም አደረገቻት።

"እሰይ! ስጠራሽ ዓመት አለፈኝ፤ ዛሬ በራስሽ እግር መጣሽ? ነይ፣ ከእኔ ጋር ነው የምትቀመጪው!"

አምስተኛው ረድፍ ላይ፣ ያውም መሀል ላይ ቁጭ አደረገቻት። ከፊት በግራ በኩል አሥራ ሁለት መስማት የተሳናቸው ሰዎች ተደርድረው ጀርባቸው ይታያል፤ ጫማ ሰፊው ካፖርቱን ለብሶ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እናት ነጩን ቀሚሷን ለብሳ ከመጠመቂያው ገንዳ አጠገብ ወንበር ይዛለች። ፀጉር አስተካካዩ በጀሶ የታሸገ ቀኝ እጁን በአንገቱ አንጠልጥሎ በግራው አየሩን ይቀዝፋል።

"አንቺ፣ ትናንት የመጡት ሴትዮ አይደሉም እንዴ?" አለች ባለ መድኃኒት ቤቷ በሹክሹክታ። "አየሽልኝ የጌታን ሥራ!"

የጭምቷ ዐይን በፀጉር አስተካካዩ ግራ እጅ ላይ ተተክሏል። ጉድ ነው የሚሠራው። ፓስተሩ "ዛሬ ከክርስቶስ ጋር በውኃ ተቀብራችሁ ትነሣላችሁ" አለ። መቀበር በአንድ እጅ ይሆናል፤ መነሣት ግን በእነሱ ቋንቋ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ፀጉር አስተካካዩ "በውኃ ትቀበራላችሁ" አለና እዚያው ላይ ቀረ። ሲነሡ የሚያሳይበት እጅ የለውማ!

ጫማ ሰፊው ወደ ጎረቤቱ ዞረ። "ሴትዮዋን ሊያሰጥሟት ነው እንዴ?"

"እኔ እንጃ፤ እንደሱ ነው ያለው።"

አሥራ ሁለቱም በእጃቸው መንጫጫት ጀመሩ። እናት ከፓስተሩ ከንፈር ወደ ፀጉር አስተካካዩ እጅ፣ ከእጁ ወደ ውኃው ዐይኗን ታመላልሳለች። ስምንት ወር ሙሉ ስትጠብቀው በኖረችው ቀን፣ በገዛ ጥምቀቷ ላይ፣ እንደ ልማዷ እየገመተች ነው።

የጭምቷ እጆች በሹራቧ እጅጌ ውስጥ፣ ጭኗ ላይ፣ ሳታዛቸው ይነሡ ነበር። ሁለት መዳፍ ከታች ወደ ላይ። ትነሣላችሁ፣ ትነሣላችሁ፣ ትነሣላችሁ።

"በረደሽ እንዴ?" አለች ባለ መድኃኒት ቤቷ።

"አልበረደኝም፣ እትዬ።"

"ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሻል?"

"እጄ ነው" አለችና ብድግ አለች።

እንዴት ከአምስተኛው ረድፍ እንደወጣች፣ የስንቱን ጉልበት ገፍታ እንዳለፈች እሷም አታውቀውም። ፊት ስትደርስ የሹራቧን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰበሰበችና አሥራ ሁለቱ ፊት ቆመች። "ፓስተር፣ የመጨረሻዋን ይድገሙልኝ" አለች። ፓስተሩ ግራ ገብቶት አያትና ደገመው። ያኔ እጆቿን አነሣች። ውኃ፤ መቀበር፤ ከዚያ ሁለቱ መዳፎቿ ከወገቧ ተነሥተው ከራሷ በላይ ሄዱ።

የአሥራ ሁለቱም ፊት በራ። ጫማ ሰፊው ደረቱን ይዞ "ተመስገን፣ ትወጣለች!" አለ። እናት ግን ከወንበሯ ጫፍ ላይ ሆና ልጇን ብቻ ነበር የምታየው።

"ኢየሱስ ክርስቶስን ጌታዎና አዳኝዎ አድርገው ተቀብለዋል?" ብሎ ፓስተሩ ጠየቀ። ልጅቷ አስተላለፈች። እናት መለሰች።

"አዎ፣ ተቀብላለች" አለች ልጅ በማይክሮፎኑ።

ፀጉር አስተካካዩ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። "'ተቀብያለሁ' በይ እንጂ! አስተርጓሚ 'እሷ' አይልም፣ 'እኔ' ነው የሚለው። ደግሞ አደራሽን፣ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ፣ አንዲት ቃል እንዳትቀንሺ። ሕጋችን ነው።"

"ተቀብያለሁ" አለች። ቃሉ በድምፅ ማጉያው አዳራሹን ሞልቶ ወደ ራሷ ጆሮ ሲመለስ ደነገጠች።

እናት ምስክርነቷን ጀመረች። ልጅ ከኋላ ከኋላዋ ተከተለች።

"እኔ ያደግሁት ጓዳ ውስጥ ነው። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ያፍርብኝ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ያስገባኝና በሩን ይዘጋብኛል። እኔ ወለሉ ላይ ተኝቼ በበሩ ስር የእንግዶቹን ጫማ አያለሁ።"

ልጅቷ ይህን ሰምታ አታውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ሲኖሩ አንድም ቀን አልተነገራትም። አሁን ግን በገዛ አፏ፣ "እኔ" እያለች፣ ለሦስት መቶ ሰው እየተናገረችው ነው። ትናንት ከባንኮኒው ስር የወረወረቻቸው ሁለት ጣቶች ትዝ አሏት። ሕግ ሕግ ነውና ቀጠለች።

"አንድ ቀን እንግዳው 'ስንት ልጅ አለህ?' ሳይለው አልቀረም፤ አባቴ ሦስት ጣቱን ሲያሳየው በበሩ ስንጥቅ አየሁ። እኛ አራት ነበርን።"



"ከስምንት ወር በፊት ስለ እግዚአብሔር ሲነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ። 'እሱ ልጆቹን ሲቆጥር እኔንም ይቆጥረኛል?' አልኩ። 'አንቺን ከልጆቹ ሊቆጥርሽ ብሎ ነው አንድ ልጁን የሰጠው' አሉኝ። ያን ቀን ከጓዳ ወጣሁ። እኔ የእግዚአብሔር ልጅ ነኝ። ይሄ አባቴ በእንግዳ ፊት አያፍርብኝም።"

"እኔ የእግዚአብሔር ልጅ ነኝ" ብላ ስትናገር ልጅቷ ውስጥ የሆነ ነገር ሲላቀቅ ተሰማት። ቃሉ የእናቷ ነው፤ ግን በእሷ ጉሮሮ ነው ያለፈው፣ ሲያልፍም እዚያው የቀረ ነገር አለ። ዕድሜዋን ሙሉ የሚሰሙት ዘንድ የማትሰማ ሴት ልጅ፣ የማይሰሙት ዘንድ እጇን የምትደብቅ ሰሚ ነበረች። ማንም ጓዳ አልከተታትም፤ ራሷ ገብታ ራሷ ዘግታ ነው የኖረችው። የሰማዩ አባት ግን አሁን በሩ ላይ ቆሞ ይጠራት ነበር። ዐይኗ እንባ ሞላ፤ እንባው ደግሞ የሐዘን አልነበረም።

በዚህ መሀል እናት ወደ ሕዝቡ ቀና ስትል አምስተኛው ረድፍ ላይ ባለ መድኃኒት ቤቷን አየቻት። ለየቻት። እጆቿ ለአፍታ ቆሙ፤ ከዚያ እንደገና ተንቀሳቀሱ።

"በመጨረሻ ይህችን የምታስተረጉምልኝን ልጅ አመሰግናለሁ። አላውቃትም። ለመርዳት ብላ የመጣች እንግዳ ናት። ጌታ ይባርካት።"

ልጅ ዝም አለች።

ሰው ጠበቀ። ፓስተሩም ጠበቀ። "በይ እንጂ!" አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ የእናትን እጅ እሱም አይቶታልና ግንባሩን ላብ አቸፍችፎታል። "በቃ፣ ያለችውን በይላት!"

"ይሄን አላስተረጉምም" አለች ልጅ።

ይህን ስትል አፏም እጇም አብረው ነው የተናገሩት፤ የሚሰማውም የማይሰማውም እኩል ያውቅ ዘንድ።

"አሁን የተናገረችው እኔን ከእፍረት ለማዳን ነው። አላውቃትም አለች። አላውቃትም ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ትናንት ሥራ ቦታዬ ስትመጣ ወረቀት ሰጥቼ ሸኘኋት። እናቴ ናት! ያሳደገችኝ፣ ማውራት ያስተማረችኝ እናቴ ናት። አያቴ ሦስት ብሎ ቆጠረ፤ እኔ ደግሞ እሷን ሩቅ ናት እያልኩ ኖርኩ። ይበቃል። እኔም የእግዚአብሔር ልጅ ነኝ። የእሷም ልጅ ነኝ። ከእንግዲህ በሁለቱም አላፍርም!"

አፏን ሞልታ ነው ያለችው። ያቺ ድምጿን ለመስማት አንገት የምታስዘምም ልጅ!

ከዚያማ ምኑ ይነገራል? ከኋላ በኩል አንዲት ሴት እልል አለች፣ አዳራሹ ሃሌ ሉያ ብሎ ተነሣ። በግራ በኩል አሥራ ሁለቱ ሃያ አራት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አርገበገቡ፤ ጭብጨባቸው ነው። እናት ወደ ገንዳው ወረደች። ውኃው ሸፍኗት ብቅ ስትል መጀመሪያ ያየችው ልጇን ነው፤ ጠርዙ ላይ ተንበርክካ ሁለት መዳፏን ወደ ሰማይ አንሥታ። እናት እንደረጠበች ተጠመጠመችባት። ልጅቷም እስከ ፀጉሯ ራሰች፤ ማን ግድ ሰጥቶት!

ጉባኤው ሲበተን ባለ መድኃኒት ቤቷ ግቢው ውስጥ ጠበቀቻት። ዐይኗ ቀልቷል።

"ሩቅ ያሉት እናትሽ እኚህ ናቸው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ከመድኃኒት ቤቱ ስንት ፌርማታ ነው?"

"አራት።"

"በጣም ሩቅ ነው!" አለች ባለ መድኃኒት ቤቷ። "ጉልበታቸውስ?"

"ከእኔ ጉልበት ይሻላል።"

"ያ ሁሉ ቅባትስ?"

"አሥራ አንዱም አልጋዬ ስር ነው።"

ባለ መድኃኒት ቤቷ ልትቆጣ ሞከረች። ፊቷን ብትቋጥረው አልቋጠር አላት፣ ሳቋ አፈናት፣ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሄደ። "ልጅ የላቸው ይሆናል ስል ቆመሽ ሰማሽኝ! ምን ነካሽ? እኔስ ምን ያህል ባስፈራሽ ነው?"

"እርስዎን አልነበረም የፈራሁት፣ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።"

ባለ መድኃኒት ቤቷ ወደ እናት ዞራ ጎንበስ አለች። "ስለ ትናንቱ ይቅርታ አድርጉልኝ በያቸው።" ልጅ ከቅባቱ ወሬ ጋር አስተላለፈች። እናት አሰብ አደረገችና መለሰች።

"ምን አሉ?"

"'ልጅ እንዳለኝ ካወቁ ይበቃኛል' አለች። ደግሞም... ይሄን ባልጨምረው ይሻላል።"

"ሕግ ነው!" አለ ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ።

"'ቅባቱን ግን አልመልስም፤ ቆማ የምትውል ሴት ጉልበቷ መታመሙ አይቀርም' አለች።"

ገና ሳቃቸው ሳያልቅ ጫማ ሰፊው ሰውን እየገፋ መጣ። ከካፖርቱ ኪስ የኪኒን እሽግ አውጥቶ አፍንጫዋ ስር አደረገላት። "መድኃኒት ቤት ነው የምትሠሪው አሉ። ይሄን ሳኝከው አፌ በአረፋ ይሞላል። ሚስቴ 'ሳሙና በላህ ወይ?' ትለኛለች። ወር ሆነኝ።"

ልጅቷ እሽጉን አየችና እጇን በአፏ ጫነች። "አባቴ! ይሄ እኮ ውኃ ውስጥ ሟሙቶ የሚጠጣ ነው! አይታኘክም!"

"ማን ነገረኝ? ወረቀት ሰጡኝ፤ እኔ ማንበብ አልችልም።"

ከእሱ ኋላ ሌላዋ ቦርሳዋን ከፈተች፤ ከእሷ ኋላ ሌላው። አንዱ ከምግብ በፊት የሚለውን ከምግብ በኋላ ሲወስድ ኖሯል፤ አንዷ የዐይን ጠብታ ጆሮዋ ውስጥ ስትጨምር ከርማለች። በግቢው ዛፍ ስር ወረፋ ተሠራ። ልጅቷ እየተቀበለች፣ እያነበበች፣ በእጇ እያስረዳች፣ የከበደውን ከባለ መድኃኒት ቤቷ እየጠየቀች ሰዓቱ መሄዱን አላወቀችም። ይህን ቋንቋና ይህን ሙያ አንድ ላይ የያዘ ሰው በከተማው ውስጥ ማን አለ? ያፈረችበት ነገር ሁሉ ለዚህ ኖሯል! ዛሬ ጌታ ለምን ሥራ ሲጠራት አቤት እንደምትል አወቀች።

"ስንቱን ወረቀት ሰጥተን መልሰነዋል?" አለች ባለ መድኃኒት ቤቷ ቀስ ብላ። "ሰኞ ይምጡ በያቸው። ሁሉም ይምጡ።"

ጫማ ሰፊው ከመሄዱ በፊት አሥራ አንዱን ሰብስቦ አንድ ነገር ተማከረ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ አዲሱን ስሟን አሳያት፦ ሁለት መዳፍ ከታች ወደ ላይ፣ ከራስ በላይ። ሁሉም አንድ ጊዜ ደገሙት።

ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ ቤታቸው ገቡ። ነጩ ቀሚስ ገመድ ላይ ተሰጣ። ልጅ ነገ የምትለብሰውን ጋውን ከሚስማሩ አወረደችና እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

"እጅጌውን አሳጥሪልኝ።"

እናት ጋውኑን ገለባበጠችው፣ እጅጌውን በልጇ ክንድ ላይ ለካች። የባለሙያ ነገር ሆኖባት በችኮላ አትሠራም።

"ላጥፈው ወይስ ልቁረጠው?" አለች። "ባጥፈው፣ አንድ ቀን ብታፍሪ ክሩን ፈትተሽ ታረዝሚዋለሽ። ከቆረጥኩት ግን አይመለስም።"

ልጅቷ መልስ ለመስጠት አልቸኮለችም። ከአንጓዋ ከፍ ብላ፣ ክንዷ ላይ፣ በጣቷ መስመር አሰመረች። ከዚያ ሁለት ጣቶቿን እንደ መቀስ ከፈተችና ዘጋች።